ለፋፊው የተባረረ ዕለት

እመት የሺ በደጋው አገር ስማቸው የገነነ ባለጸጋ ነበሩ። ከማድ ቤታቸው ጀርባ አንሥቶ እስከ በረቱ ጥግ ድረስ ጎተራ በጎተራ ነው። ሁሉም በጭቃና በእበት የተለሰነ፣ አናቱ ላይ የሣር ክዳን የደፋ ሲሆን፣ ከግርጌው እህል የሚቀዳበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው በውታፍ ይደፈናል። ጎተራ ሁሉ የራሱ ጠባቂ ነበረው። ጠባቂው በገዛ ፈቃዱ የላዩን ክዳን አያነሣም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ትእዛዙን የሚያደርሰው ለፋፊው አያ ጥላዬ ነበር። ጎጆው ከግቢው በር አጠገብ ናት። የአህያ ኮቴ ሲሰማ ብድግ ይልና በጎተራዎቹ መካከል እየተመላለሰ ይለፍፋል። ቃሉ ሁለት ብቻ ነው።

«የታቹን ድፈን! የላዩን ክፈት!»

ጠባቂዎቹ ሁለቱን ትእዛዞች እኩል አይሰሟቸውም። የታቹን ለመድፈን የጥላዬ ሹክሹክታ ይበቃል፤ ገና ከጎጆው ወጥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ውታፉ ቦታውን ይይዛል። የላዩን ክዳን ለማንሣት ግን ድምፁ ከፍ ማለት አለበት። ሥርዓቱ በእመት የሺ አያት ዘመን የወጣ ነው ይባላል፤ ማስተዋል ያለበት ሥርዓትም ነው። ከላይ እየገባ ከታች የሚፈስስ እህል ማንንም አያከርምም።

ወደ ግቢው የሚገባው ጭነት ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው እሸት ነው። እሸት ይጣፍጣል፣ ቶሎ ይበላል፣ ሆድም ቶሎ ይደርሳል፤ ቢያከማቹት ግን አይቆይም። ማድ ቤትና የሸማኔዎቹ ቤት ለአንድ ቀን የሚሆን ቁራሽ ያህል ያስቀምጣሉ እንጂ ከዚያ በላይ ቦታ የላቸውም። ሁለተኛው ደረቅ እህል ነው። ይህ ክረምት ከበጋ ይቆያል፤ አንዱ ቁናም ከሁለት ቁና እሸት የበለጠ ሰው ያጠግባል።

እሸት ሲመጣ ቀድመው የሚሻሙት ሸማኔዎቹ፣ ፈላጮቹና አራሾቹ ናቸው። እነሱም በራቸውን የሚከፍቱት የጥላዬን ድምፅ ሲሰሙ ነው። ሥራ ላይ ከዋሉ ግን ሳይጠሩም ይከፍታሉ፤ እጁ መወርወሪያ የያዘ ሸማኔ ለፋፊ አይጠብቅም። እመት የሺም አይጠብቁም። የእልፍኛቸው በር ሌት ተቀን ለእሸት ክፍት ነው፤ ደረቅ እህል ግን ከደጃፋቸው አያልፍም።

ደረቁ እህል በትልልቅ ጆንያ ይመጣል፤ ጆንያው በጎተራው አፍ አይገባም። ስለዚህ ጥላዬ ሲለፍፍ ከየጎተራው አንዳንድ ሴት ወጥታ መንገድ ዳር ትቆማለች። ጆንያውን ፈትታ እህሉን በእፍኝ በእፍኝ ታስገባለች። ውስጥ ያለው ጠባቂ ተቀብሎ በስልቻ ይሞላና ሦስት ሦስቱን ስልቻ በአንድ ገመድ አስሮ ይደረድራል። ያልታሰረ እህል ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም፤ ነቀዝ ይገባዋል። ገመዱ የሚገኘው ደግሞ ከእሸቱ አገዳ ነው፤ ትኩሱን ልጥ ልጠው ይገምዱታል። አንዴ የተፈታ ገመድ በጎተራው ዳግመኛ አያገለግልም፤ ወደ ማድ ቤት ይላካል፣ ማድ ቤትም ለሌላ ሥራ ታውለዋለች። እሸት ወደ ጎተራው ካልገባ ገመድ የለም፤ ገመድ ከሌለ ስልቻው አይታሰርም።

እሸቱን ራሱን ቆልቶ አድርቆ እህል ማድረግም ይቻል ነበር። ጠባቂዎቹ ይችሉበታል፣ የማድ ቤት ሴቶችም ከእነሱ ይበልጥ ይችሉበታል። ድካሙና ብክነቱ ግን ብዙ ነው፤ እሸቱ ከልክ ካላለፈ በቀር እጅ የሚያነሣ አልነበረም።

ማታ አህያ አይመጣም። ጥላዬ ጎጆው ገብቶ ይተኛል፣ ድምፁም ከግቢው ይጠፋል። ያን ጊዜ ጠባቂዎቹ ውታፉን ላላ ያደርጋሉ። እህሉ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ማድ ቤትም ሸማኔዎችም ፈላጮችም እስከ ማግስት ይበሉታል። እሸቱ ለእመቤቲቱ እንዲተርፍ ሌላው ሁሉ የሚያድረው በጎተራው እህል ነው። በጾም ወራት ይህ ጊዜ ይረዝማል። ዘበኛው ሌባ አየሁ ብሎ ከጮኸ ወይም ፈላጮቹ ለከባድ ሥራ ከተነሡ ደግሞ ውታፉ ጨርሶ ይነቀላል።

ከዓመታት በኋላ በግቢው አጠገብ መንገድ ወጣ፣ ገበያም ቆመ። የእመት የሺ ልጅ ደምስ ነጋዴ ሆነ። አህዮች ጎህ ሲቀድ መምጣት ጀመሩ፤ ረፋድ ላይ መጡ፤ ከምሳ በኋላ መጡ፤ ፋኖስ ተይዞም መጡ። ጭነቱ እሸትም ደረቅ እህልም ነው። ሸማኔዎቹ ደግሞ ከገበያ የተሸመነ ልብስ ስለሚመጣ አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው ይውላሉ። አያ ጥላዬ ጎጆው የሚገባበት ሰዓት አጣ። እሱ እስካልተኛ ድረስ ውታፉን የሚያላላ የለም። ሁሉም ከበሩ ላይ እሸት ይበላል፤ የትናንቱ እህል እንደታሰረ የዛሬው ይደረብበታል።

ጎተራዎቹ አበጡ። ልስኑ ተሰነጠቀ። አዲስ ጎተራ ተሠራ፣ እሱም ሞላ። ይልቁንም ከጥላዬ ጎጆ ፊት ለፊት ያለው ጎተራ ከሁሉም የባሰ ወፈረ፤ ለፋፊው ሲደክመው እዚያው ተደግፎ ስለሚጮህ ድምፁ ከዚያ ጎተራ ጆሮ ጠፍቶ አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ የባሰ ነገር መጣ። ጠባቂዎቹ መስማት ተሳናቸው። እህሉ እስከ አንገታቸው ሞልቶ፣ ጩኸቱም ሳይቋረጥ ስንቱን ይስሙት? ጥላዬ ከቀድሞው እጥፍ ድርብ አድርጎ ይጮሃል፤ እነሱ ግን ክዳኑን ሩብ ያህል አንሥተው ይተዉታል። ከታች ያለው ውታፍም ያፈስስ ጀመር። እህል መፍሰስ በሌለበት ሰዓት ወደ ማድ ቤት ይንጠባጠባል፤ በምድጃው ዙሪያ፣ በእንስራው ሥር፣ በሸማኔዎቹ መቀመጫ መካከል ተቆለለ። ጎተራ ያልሆነ ቤት ሁሉ ጎተራ ሆነ።

ደምስ ይህን ሁሉ አይቶ ከእናቱ ፊት ቀረበ።

«እማዬ፣ ያጠፋን ይህ ሰው ነው። እሱ በጮኸ ቁጥር ጎተራው ያብጣል። ከጎጆው ፊት ያለውን አላዩትም? እባክዎ ያሰናብቱት።»

«አያ ጥላዬ አባትህን ያገለገለ ሰው ነው።»

«ቢያገለግልም፤ ዛሬ ግን ጠላታችን ነው።»

እመት የሺ ሕመም ላይ ስለነበሩ ብዙ አልተከራከሩም። ጥላዬ ስንቁን ይዞ በማለዳ ወጣ፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቆላ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማም።

ገና በዚያው ሌሊት ውታፎቹ ሁሉ ተነቀሉ። እህሉ በጨለማ ሲንሻሻ ይሰማ ነበር። በሳምንቱ ጎተራዎቹ ጎደሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ልስናቸው ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ደምስ በግቢው እየተዘዋወረ በመዳፉ ይመታቸዋል፤ ባዶ ሆነው ሲጮሁ ደስ ይለዋል። «አላልኳችሁም?» ይላል ላገኘው ሁሉ።

በሩ ላይ ግን እሸቱ ይቆለል ጀመር። ሸማኔዎቹ ድምፅ ስላልሰሙ አይከፍቱም፤ በጥጋብ መካከል ጠኔ ያዛቸው። እሸቱ ሲበሰብስ አሽከሮቹ በውኃ እያጠቡ ወደ ወንዝ ሰደዱት። ማጠቡ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም፤ የግቢው ጉድጓድ ደረቀ፣ ሰዉ ሁሉ ውኃ ውኃ አለ። አዲስ ገመድ የሚሆን አገዳም ወደ ጎተራ አልገባም፤ የወረደውን እህል መልሶ ለማሰር ቢፈለግ እንኳ ማሰሪያ የለም።

የወረደው እህል ሁሉ ማድ ቤት ገባ። የማድ ቤት ሴቶች እንደ ደንቡ ከዚህ እህል ጥቂቱን በጋን ጠንስሰው ለሸማኔዎቹና ለእመቤቲቱ ያቀርቡ ነበር። በጾም ሰሞን ይህ ጥንስስ ቤቱን ደግፎ አቆይቷል፤ እመት የሺም እሸት ሲያጥር ይጎነጩታል። አሁን ግን የሚገድበው የለም። ጋን በጋን ላይ ተጠነሰሰ፣ ሞልቶ ፈሰሰ። ቤቱ ኮመጠጠ። የተበላሸ ፍሬ የሚመስል ሽታ ከእልፍኝ እስከ አጥር ደረሰ። ሰው ሁሉ ሩቅ እንደሮጠ በረዥሙ ይተነፍሳል። በሦስተኛው ሳምንት እመት የሺ ሲጠሩ መልስ አልሰጡም።

ደምስ በቅሎ ጭኖ ወደ ጎረቤት ግቢ ገሠገሠ፤ ብዙ ከብት ያላቸው ሰው ናቸው። ከእግራቸው ወድቆ ለፋፊ ለመነ። የተሰጠው ለፋፊ አካሄዱ ከጥላዬ ጥቂት ይለያል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። ሲመጣ ጉሮሮው አክታ ሞልቶት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ጩኸቱ እምብዛም አልረዳም። አፉን ተጉመጥምጦ፣ ድምፁን አጥርቶ እንደገና ወጣ። በጉድጓዱ ውኃ ተሞላ፣ ቤቱ ታጠበ፤ እሱም በቀስታ ጀመረ። ለስለስ ያለው ድምፁ ገና እንደተሰማ የጎተራዎቹ ግርጌ ተደፈነ። ወደ ማድ ቤት የሚወርደው እህል ቆመ፣ ጋኖቹ ሰከኑ። ቀጥሎ የሸማኔዎቹ በር ተከፈተ። እመት የሺ ዓይናቸውን ገለጡ።

ጎተራዎቹም እንደገና መሙላት ጀመሩ። ደምስ ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ እናቱም አይተውት ኖሮ ጠሩት።

«ልጄ፣ ና ተቀመጥ። ጎተራው ሲሞላ ያስከፋሃል?»

«ያስከፋኛል፣ እማዬ። ያው ሊሆን ነው።»

«ወንዝ ሲገባ የነበረው እሸት አሁን ቤት እየቀረ ነው፤ መሙላቱ ለዚህ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሰውዬ ታውቃቸዋለህ? ጎተራ የሚባል ነገር ከግቢያቸው የለም፤ ሲወርሱትም አልነበረም። ቤታቸው ቀሎ ይታያል። ገብተህ ብታይ ግን እህሉ ምድጃቸው ላይ ተቆልሏል፣ ማድ ቤታቸው ተጨናንቋል፣ ለፋፊያቸው ቀኑን ሙሉ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ጎተራ በማጣት ጤና አይገኝም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«አህዮቹን ማን ነው የላካቸው? ለፋፊው አንድም ቁና ከገበያ ገዝቶ አያውቅም። የመጣውን ተናገረ፤ ስለ መጣው ጮኸ። አንተ ሌሊቱን ወሰድክበት። ሸማኔዎቹንም ሥራ ፈት አደረግካቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በልክ ተጭኖ እንዲገባ ሆነ። ፀሐይ ከጠለቀች የግቢው በር ይዘጋል። ሸማኔዎቹ ወደ መወርወሪያቸው ተመለሱ። አዲሱ ለፋፊ ጎጆው ገብቶ መተኛት ተለማመደ፤ በሚለፍፍበት ጊዜም በአንድ ጎተራ ሥር እንዳይቆም፣ በየቀኑ ቦታ እንዲለውጥ ታዘዘ። ጎተራዎቹ በአንድ ሌሊት አልጎደሉም፤ በክረምቱ ግን ልስናቸው ተጠገነ፣ ጠባቂዎቹም ቀስ በቀስ መስማት ጀመሩ።

ምሳሌው ይህ ነው። አሁን ትርጓሜውን ልናገር።

ለፋፊው ኢንሱሊን ነው። ቆሽት ውስጥ ባሉ ትንንሽ የህዋስ ደሴቶች ይሠራል፤ 51 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ፕሮቲን ሲሆን ደም ውስጥ ገብቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ድምፁ ቶሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ጎተራዎቹ የስብ ህዋሶች ናቸው። እሸቱ ግሉኮስ፣ ደረቁ እህል ፋቲ አሲድ ነው፤ ሦስቱ ስልቻ በአንድ ገመድ መታሰሩ ሦስት ፋቲ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ የሚያያዙበት ትራይግሊሰራይድ ነው። ገመዱ የሚሠራው ኢንሱሊን በሩን ከፍቶ ካስገባው ግሉኮስ ነው። መንገድ ዳር ቆማ ጆንያውን የምትፈታው ሴት ላይፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ናት፤ የስብ ህዋሱ ሠርቶ ወደ ደም ሥሩ ግድግዳ ይልካታል። እመቤቲቱ አንጎል፣ ማድ ቤቱ ጉበት፣ ሸማኔዎቹ ጡንቻ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ አንባቢ አጥብቆ እንዲይዝልኝ የምፈልገው የታችኛውን ውታፍ ነው። ስለ ኢንሱሊን ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው «ስኳርን ወደ ስብ ይለውጣል» ተብሎ ነው። ይለውጣል፤ ያን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያነቃቃል። ነገር ግን በተለመደው አመጋገብ በሰው የስብ ህዋስ ውስጥ የሚከማቸው ስብ አብዛኛው ከስኳር የተሠራ አይደለም፤ በምግብ የገባ ቅባት ነው። ኢንሱሊን ከሁሉ የሚበረታበት ሥራ የተከማቸው ስብ እንዳይፈታ መከልከሉ ነው። ግሉኮስን ወደ ህዋስ ለማስገባት ከሚያስፈልገው መጠን በእጅጉ ባነሰ ኢንሱሊን የስብ መፈታት ይገታል። እንጀራና ስኳር የበዛበት ማዕድ የሚያወፍረን በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰውነት እሸቱን ሲያቃጥል እህሉ ሳይነካ ይቀራል። ቅባት ብቻ የሚበላ ሰውም ከሚያቃጥለው በላይ ከበላ ይወፍራል፤ ውታፉን ለመያዝ ሹክሹክታ ይበቃልና። ለፋፊው ከሌላ ቦታ እህል አይፈጥርም።

ድምፅ የማይሰሙ ጠባቂዎችን ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በገዛ አካሉ ያውቃቸዋል። የተጨናነቀ የስብ ህዋስ ለኢንሱሊን የሚሰጠው መልስ ይደክማል፤ የሚያፈስሰው ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል፣ ቆሽትም ለማካካስ ይጮሃል። ከገጠር ኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ይህ ታይቷል፤ ሲደርሱ ቀጫጭኖች ነበሩ፣ የስኳር ሕመምም ብርቅ ነበር። ምግባቸውና የቀን ውሎአቸው ሲለወጥ ሕመሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመካከላቸው ተስፋፋ። ከወንዙ ማዶ ያለ ጎተራ የሚኖሩት ሰውዬም በዓለም አሉ፤ የስብ ህዋስ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች ገና በልጅነታቸው ጉበታቸው በስብ ይሞላል፣ ከባድ የስኳር ሕመምም ይይዛቸዋል።

የተባረረው ለፋፊ ታሪክ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሰው ታሪክ ነው። እስከ 1922 በአውሮፓ አቆጣጠር ድረስ፣ በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም የተያዘ ልጅ ቆሽቱ ኢንሱሊን ስለማይሠራ ስቡ ሁሉ ይፈታ ነበር። ጉበቱ የደረሰውን ወደ ኪቶን ይለውጠው ነበር። ደሙ ይኮመጥጣል፣ እስትንፋሱ የፍሬ ሽታ ይይዛል፣ ከዚያ ራሱን ስቶ ይሞት ነበር። ሐኪሞች የነበራቸው መላ ሕፃኑን እያስራቡ ጥቂት ወራት ማቆየት ነበር። በቶሮንቶ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርለስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከቆሽት የወጣ ጭማቂ አዘጋጁ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ለ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ተወጋ፤ ልጁ ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ ነበር። ጭማቂው ንጹሕ ስላልነበረ ብዙ አልረዳውም። ባልደረባቸው ጄምስ ኮሊፕ ከከብት ቆሽት የወጣውን አጣርቶ ሰጠ፣ ጃንዋሪ 23 እንደገና ተወጋ፤ ስኳሩ ወረደ፣ ኪቶኑ ጠፋ። ቶምሰን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። እንደ እሱ ያሉ ልጆች አጥንታቸው ወጥቶ ሆስፒታል ይገቡና በኢንሱሊን በሳምንታት ውስጥ ጉንጫቸው ይሞላ ነበር። የዚያን ጊዜ እናት ለዚያ ስብ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ዛሬ ግን ኢንሱሊን የሚወጉ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ ላለመወፈር ሲሉ መጠኑን ይቀንሳሉ ወይም ይዘልላሉ። የሚያዩት እውነት ነው፤ ኢንሱሊን ሲጀመር በሽንት ይፈስስ የነበረው ስኳር በሰውነት ስለሚቀር ክብደት ይጨምራል፤ ሲዘለል ደግሞ ክብደት ይወርዳል። ደምስም ያየው ይህንኑ ነበር። የሚፈታው ስብ ግን የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ኪቶን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ኢንሱሊን የምትወጋ እህቴ፣ የምትወጋ ወንድሜ፦ ክብደትሽ፣ ክብደትህ ቢጨምር ስለ ምግቡና ስለ እንቅስቃሴው ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፣ መርፌውን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ አትውጉ፤ ኢንሱሊን ባረፈበት ሥፍራ ስብ ይሰበሰባል፣ ያበጠው ቦታም መድኃኒቱን እንደ ልብ አያሳልፍም። ጾም ከመያዛችሁ በፊት መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል ጠይቁ፤ ጾም ላይ ሆናችሁም ጨርሳችሁ አትተዉት። ጥማት ቢበረታ፣ ሽንት ቢበዛ፣ ማስመለስና ሆድ ቁርጠት ቢመጣ፣ ትንፋሽ ቢረዝምና ፍሬ ፍሬ ቢሸት፣ ነገን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።